ግንቡ ውስጥ የጸደቀ እንሰት

ሰው ስለ ነዳጅ ማጠራቀሚያ ሲያስብ የሚታየው ነዳጁ ብቻ ነው። የእኛ ጣጣ ግን ከውሃ ጋር ነው። ውሃ ታንከሩ ውስጥ ከነዳጁ ሥር ይጠራቀማል፤ ካልወጣ ብረቱን ይበላዋል። ዝናቡ ደግሞ፣ ነዳጅ ቢፈስ እንዲያግት ታንከሩን በከበበው ግንብ ውስጥ ይተኛል። ይህን ሁሉ ውሃ ነዳጅ ሳያስከትል ማስወጣት የእኔ እንጀራ ነው። የራሴ ግቢ በክረምት ኩሬ እንደሚሆን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም።

ቱላ አካባቢ ለተሠራ አንድ የነዳጅ ዴፖ የፍሳሽ መስመሩን የነደፍኩት እኔ ነኝ። ሠራተኞቹ ናፍጣ ሞልተው ወር ያህል ሲሞክሩት ከረሙ። የርክክቡ ዕለት ጠዋት ብቅ ስል ምን ባይ ጥሩ ነው? ግንቡ ውስጥ፣ ጥግ ጥጉን፣ እንሰት ተተክሏል! ያውም በረድፍ! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ከእኔ ደጃፍ ግን ጭራሽ ችግኝ ጸደቀ። ሠራተኞቹስ ምን ሆኑ? ያዘዝኩት መስሏቸዋል። በደንቡ እዚያ ግንብ ውስጥ ሣር እንኳ መብቀል የለበትም፤ ርክክቡ ከቀረ ደግሞ የስንት ዓመት ስሜን ውሃ በላው ማለት ነው።

ተካዩ ዘበኛው ጋሽ ዳንጊሶ ናቸው። ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ አፌ ብዙ ይል ነበር። ደንቡን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ መሬት ታጥሮ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ባዶውን ሲቀመጥ ነውር ነው አሉኝ። ይነቀል ብዬ ጮህኩ።

ሊነቅሉ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩብኝ። ሌላው ሁሉ ለምልሞ አራቱ ብቻ ለምን እንደ ደረቁ ገርሟቸዋል። ተባይ አይደለም፣ ውሃም አልጎደለው፣ ከሥር መጥፎ ነገር ጠጥቷል አሉ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ፣ የእንሰት ሐኪም አልጠራሁም ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸው ከሥሩ አፈር ቆንጥረው አሸተቱና ወደ አፍንጫዬ አቀረቡት። ናፍጣ ናፍጣ ይላል!

የደረቁት አራቱ፣ ናፍጣ የነካውን ውሃ ከታንከሩ ሥር ከሚያወጣው የእኔ ቧንቧ በላይ የተተከሉት ነበሩ። ብንቆፍር መጋጠሚያው ላልቶ ተገኘ። በዚያ የክረምት ዝናብ ትንሽ ቢቆይ ናፍጣው የጎረቤት ገበሬዎች ጉድጓድ ይገባ ነበር፤ ውሎ አድሮም ከታች ያለው ሐይቅ፣ ከዚያም ዳሩ ላይ አሞራ ገደል ገበያ የሚሸጠው ዓሣ። አፈርኩ። ጋሽ ዳንጊሶን ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ አካፋውን አቀብለኝ ብቻ አሉኝ።

መጋጠሚያውን ቀይረን፣ አፈሩን ዝቀን ስናበቃ ተረካቢዎቹ ደረሱ። እንሰቱም ተነቀለ፤ ደንብ ደንብ ነው። የፈሰሰውንም የተጠገነውንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አለቃቸው አስቆፍረው አዩና ደስ አላቸው፤ ከመሬት በታች ያለውን ፍሳሽ ያገኘንበትን ዘመናዊ መሣሪያም ለማየት ጠየቁ።

ዞር ብዬ አየሁ። ጋሽ ዳንጊሶ ችግኞቹን ተሸክመው፣ ቤታቸው ሊተክሏቸው ይሄዳሉ።

ያውልዎት አልኳቸው አለቃውን፤ በበሩ እየወጣ ነው።