ቁርስ የማትበላዋ መንገድ መሪ

አንዳንድ አገር መንገድ መጠየቅ ያሳፍራል ይባላል። እኛ ጋ ያጠግባል። ከሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብላችሁ አንዱን አዛውንት «የእነ እገሌ መንደር በየት በኩል ነው?» ብትሉት፣ ቀኙን ከግራው ሳትለዩ እጃችሁን ታጥባችሁ ትገኛላችሁ። «ተፈደሉ!» ይላችኋል፤ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ቅመሱ ማለት ነው። ሌላው ዓለም የጠፋን ሰው ይመራዋል፤ እዚህ መጀመሪያ ያበሉታል። በባዶ ሆድ ቢመሩት የት ይደርሳል ብለው ይሆናል።

ወንዶች መንገድ የማይጠይቁት በኩራት ነው የሚል ነገር አንድ የተቀደደ መጽሔት ላይ አንብቤአለሁ። (እኔ ንባብ የለመድሁት ሱቄ ውስጥ ቅመም በምጠቀልልበት ወረቀት ነው። ስለዚህ የብዙ ነገር መጀመሪያ አውቃለሁ፤ መጨረሻው ከበርበሬው ጋር ሄዷል።) የእኔ ባል ሐሰን ግን ኩራት የለበትም፤ እሱ የሚፈራው ሻይ ነው። አንድ ጊዜ ኸሽም ኤል ቂርባ የታመመ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ ሦስት ሰው መንገድ ጠየቀና ሦስት ቤት ተጋበዝን። ስንደርስ በሽተኛው ድኖ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ሐሰን «ቢርበኝም ቢጠፋኝም ሰው አልጠይቅም» ብሎ ማለ።

መኪናዋ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገር አገልግላ አገልግላ በፖርት ሱዳን በኩል የገባች ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ናት፤ እዚህ ቦክሲ ይሏታል። ከሬዲዮኑ በላይ ካርታ የሚያሳይ መስኮት አላት። ሐሰን ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አብሯት የተሠራ ነው! እንደ ዓይኗ ማለት ነው!» አለ። ችግሩ፣ ዓይኗ የቀረው ከመጣችበት አገር ነበር። እኛ ገዳሪፍ ሰሊጥ ተራ መሐል ቆመን መስኮቷ ዙሪያውን ሰማያዊ ነው፤ እንደ እሷ ከሆነ ባሕር ውስጥ ነን። በውስጧ ያለችው ሴትዮ ደግሞ በመጽሐፍ ዐረብኛ፣ ረጋ ብላ፣ «ወደ መጡበት መንገድ ይመለሱ» ትላለች። አልፈረድሁባትም። ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ሲል ነው የሚውለው።

የወንድሜ ልጅ ጀማል ከሕፃንነቱ ጀምሮ እኔ ያሳደግሁት ነው፤ እዚሁ ተወልዶ አማርኛውን በዐረብኛ እያጣቀሰ ይናገራል። «ዓምቲ፣ ይሄ ኸላስ፣ ሞቷል» አለኝና (ዓምቲ አክስቴ ማለቱ ነው) በማግስቱ ተለጣፊውን ገዝቶ መጣ። የመዳፍ ስፋት ያላት፣ በጎማ ከመኪና መስታወት ላይ የምትጣበቅ መንገድ መሪ መሣሪያ ናት። የገዳሪፍ ፀሐይ ደግሞ ጎማ አያከብርም። መኪናዋ ስትግል ጎማው ይላላል፣ መሣሪያዋም ዱብ ትላለች፤ «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» የሚለው ድምፅ ከሐሰን ጫማ ሥር ይመጣል።

ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ሐሰን «አብሮ የተሠራ አይከዳም፤ የተለጠፈ ይወድቃል» ይላል። ጀማል «አብሮ የተሠራው አርጅቷል፣ አዲስ ነገር አይማርም፤ ተለጣፊው አገሩን ያውቃል» ይላል። አንዱ ስለ ሥጋ ዘመድ፣ ሌላው ስለ አማች የሚከራከሩ ነበር የሚመስለኝ። አልተሳሳትሁም። ጀማል በዚያ ሰሞን እሱ ራሱ ሰው ቤት ሊለጠፍ እየተዘጋጀ ነበር።

ልጅቱ ሰሚራ ትባላለች። አባቷ የኛው አገር የኢትዮጵያ ሰው ነው፤ በረሃቡ ዘመን ተሰዶ፣ ከፋው ከተማ ወዲያ ካሉት የመስኖ መንደሮች በአንዱ አፈር እየገፋ ልጆች አሳድጓል። ገዳሪፍ አክስቷ ዘንድ ስትማር ከጀማል ጋር ተዋወቁ፣ ተስማሙ። አባትየው ግን እኛን አያውቀንም። ሌላ የሚያውቀው ቤተሰብ ደግሞ ለልጁ ሊጠይቃት ነው። ሰሚራ እንዲህ ብላ ላከችብን፦ «ሐሙስ ከቀትሩ፣ ከዙሁር ሶላት በፊት ድረሱ። እነዚያ ከቀደሟችሁ አባቴ ቃል ይሰጣል፤ ቃል ከሰጠ አያጥፍም።»

ሐሙስ ማልደን ወጣን። ሐሰን መሪ ያዘ። ከጎኑ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ አንደበተ ርቱዑ ሼህ ኑሩ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ስኳሩን፣ ሻዩንና ለአፍ መክፈቻ ለልጅቱ ቤት የሚሰጠውን ልብስ ታቅፌአለሁ። ጀማልም አለ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ግን ተለጣፊዋን የሚያዛት እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ስንደርስ መኪና ውስጥ እንዲደበቅ ተስማማን። ሐሰንም አብሮ የተሠራውን አላጠፋም። ሁለት ሴትዮዎች እየተነታረኩ ጉዞ ጀመርን፤ ሁለት ሚስት አግብቶ መንገድ የወጣ ሰው ምን እንደሚሰማው ባሌ ያን ቀን አወቀ።

የመስኖ መንደሮች ስም የላቸውም፤ በቁጥር ነው የሚጠሩት። ተለጣፊዋ ቁጥሩ ሲነገራት በቂርባ መስኖ ያንኑ ቁጥር ወደያዘ ሌላ መንደር ልትወስደን ተነሣች። ጀማል ተሟግቶ መለሳት። ፋው ድረስ አስፋልቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ማንም ይመራል። ከአስፋልት ወርደን በጥቁሩ አፈር፣ ዛፍም ጉብታም በሌለበት ሜዳ ጥቂት እንደሄድን ግን ትልቅ የመስኖ ቦይ ፊታችን ተጋረጠ። ድልድይ የለም።

«ቀጥታ ይሂዱ» አለች ተለጣፊዋ።

አብሮ የተሠራችው መስኮት ላይ ሰማያዊው እንዳለ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ናችሁ ስትለን ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ወደ እውነቱ ቀረበች።

ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው። የጀማል ፊት አመድ መሰለ። ከቦዩ ዳር፣ ከአንድ የጭራሮ ዳስ ሥር፣ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሐሰን መሪውን ጨብጦ «አልጠይቅም!» አለ። የእኔን መስኮት ግን የምከፍተው እኔ ነኝ።

«ሰላም ዐለይኩም፣ ያ ዓም! ድልድዩ በየት በኩል ነው?»

ሽማግሌው ዓም አደም ይባላሉ፤ ዓም አጎት ማለት ነው። ተነሡ፣ ነጭ ጀላቢያቸውን አራገፉ፣ ሰላምታውን ከነቤተሰቡ፣ ከነከብቱ፣ ከነዝናቡ መለሱ። ከዚያ «ድልድዩ ቅርብ ነው፤ ተፈደሉ፣ ቁርስ ደርሷል» አሉ።

ሼህ ኑሩ በዚያ አንደበታቸው ለመኑ። ለሽምግልና እየሄድን ነው፣ ልጅ ሊያመልጠን ነው፣ ስንመለስ እንበላለን አሉ።

ዓም አደም እጃቸውን አነሡ። «ዐለይ ጠላቅ!» አሉ።

ይህን ለማታውቁ ላስረዳ። ሱዳናዊ እንግዳው እንቢ ሲለው በፍቺ ይምላል፤ «ካልወረዳችሁ ሚስቴ ትፈታ» ማለት ነው። እንቢ ብላችሁ ብትሄዱ በቤት ውስጥ ወጥ የምታማስል ምንም የማታውቅ ሴት ትዳሯ ይናጋል። እንግዲህ ፍረዱ። የራሳችንን ትዳር ልናቆም ስንሮጥ የሰው ልናፈርስ? ሐሰን ሞተሩን አጠፋ። «አላልኋችሁም?» የሚለውን በአፉ አላወጣውም፤ ጀርባው ተናገረው።

«ከስራ» የሚሉት ስስ የማሽላ እንጀራ፣ «ወይካ» በሚሉት የደረቀ ባሚያ ወጥ ቀረበ። እውነት ለመናገር ጣፋጭ ነበር። ለሰላሳ ዓመት ያልተፈታችዋ ሴትዮ በሩ ላይ ብቅ ብላ «ብሉ፣ ብሉ፤ ዛሬም አተረፋችሁኝ» አለችን፤ መሐላው የሰርክ ነው መሰለኝ። ጀማል አንዲቷን ጉርሻ ሲያላምጣት ኖረ። በዚህ መሐል ከመኪናው «ቀጥታ ይሂዱ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዓም አደም ደነገጡ። «መኪና ውስጥ የቀረች ሴት አለች?»

«መሣሪያ ናት፤ መንገድ የምትመራ» አለ ጀማል።

አሰብ አደረጉና «ቁርስ በልታለች?» አሉ።

«አትበላም።»

«ታዲያ እንዴት ትምራችሁ!» አሉና ከፊት ገቡ። ሼህ ኑሩ ወደ ኋላ፣ እኔ አጠገብ፣ ተባረሩ።

ዓም አደም መንገዱን ያውቃሉ አልልም። ሁለት ጊዜ አሳሳቱን፤ አንዴ ደግሞ የታመመች ግመል ካልጠየቅሁ ብለው አስቆሙን። ስንደርስ ዙሁር ተሰግዷል። ከሰሚራ አባት ደጅ የምታብረቀርቅ አዲስ መኪና ቆማለች። ጀማል መደበቁን ረስቶ በመስታወቷ አጮልቆ አየና «ዓምቲ፣ የእነሱ አብሮ የተሠራው ይሠራል» አለኝ። ካርታው ከነቦዩ፣ ከነድልድዩ ቁጭ ብሏል። መንገድም ሳይስቱ፣ ሰውም ሳይጠይቁ ቀድመውናል።

ሴት ስለሆንሁ ከሸንበቆው ግድግዳ ጀርባ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥሁ። ሸንበቆ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ጎኔ ሰሚራ አለች፤ ጆሮዋን ከሸንበቆው ለጥፋለች። ወዲያ ማዶ ቃሉን የሚያጸናው ፋቲሓ ሊቀራ እጅ ሊነሣ ነበር። አባትየው የኛን ሰዎች አያቸውና «ዘገያችሁ» አለ። «ደግሞስ ገዳሪፍ ሰፊ ነው፤ ማን ያውቃችኋል?»

አንደበተ ርቱዑ ሼህ ኑሩ አሳላቸው።

«እኔ አውቃቸዋለሁ» አሉ ዓም አደም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ጉዳያቸው እየተቃጠለባቸው፣ የኔ ቤት እንዳይፈርስ ወርደው በሉ። ልጅ የሚሰጠው እንዲህ ላለ ሰው ነው።»

አባትየው ቀድመው ወደመጡት አመለከተ። «እነዚህንስ አታውቃቸውም?»

«አቧራቸውን አውቀዋለሁ። መሐላዬን ሳልጨርስ አለፉ። አልሐምዱሊላህ! ትንሽ ዘግየት ቢሉ ሚስቴን ፈትቼ ነበር።»

ከወዲያኛው ወገን ሽማግሌዎች አንዱ ሳቁን ለመደበቅ ጥምጣሙን አስተካከለ። አባትየው ግን ዓም አደምን አጠገቡ አስቀመጠ። በረሃቡ ዘመን እዚያ ሜዳ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የበላው ከዓም አደም ሰሃን እንደነበር ሰሚራ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። አባትየውም «ልጄን ጠይቁልኝ» አለ። ሰሚራ እስኪጠይቋት መች ጠበቀች? ሸንበቆው ሊወድቅ እስኪደርስ እልል አለች። ልጅቷ ራሷ እልል ስትል አይቼ አላውቅም፤ አባቷም አላየም ይሆናል፤ ፋቲሓውን ቶሎ ቀራው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሱቄ እየመጣ «የቱ ይሻላል? አብሮ የተሠራው ወይስ ተለጣፊው?» ይለኛል፤ ዝና መቼም ክፉ ነው። መስኮት የሚያስከፍተውን ግዙ እላለሁ። ሐሰን እስከ ዛሬ ያችን ባሕር ይዞ ይዞራል። ጀማል ወደ አማቾቹ ሲሄድ ተለጣፊዋን ይዞ ነው፤ የዓም አደምንም ዳስ በውስጧ መዝግቦበታል። እዚያ ደጃፍ ሲቆም «ደርሰዋል» ትላለች። እውነቷን ነው።

ዓም አደምም ሁልጊዜ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብለው «ውረጂ፣ ቁርስ ደርሷል» እያሉ ይምሉባታል። እሷ ብቻ ናት እስካሁን ያልወረደችው።