የእትዬ ደብሬ ልጅ ሌላኛው ዓይን

የሰው ዓይን አጥፍቻለሁ። አትደንግጡ፣ በላጲስ ነው። ወይም ደንግጡ፤ እኔም እስካሁን አልለየልኝም።

በደርግ ጊዜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ። ከደሴ ላሊበላ ተመድቤ ልጆች አስተምራለሁ። አዋቂዎቹ ደግሞ ለመሠረተ ትምህርት ይመጣሉ። መቼ? እርሻም ፈትልም በማይነካበት በበዓል ቀን። ላስታ ውስጥ ደግሞ በዓል መቼ ጠፍቶ!

ማሠልጠኛ ሳለን አንድ አስተማሪያችን፣ ሥዕል አእምሮን ያሳርፋል፣ የተጨነቀ ሰው እርሳስ ይያዝ፣ ይሉን ነበር። እኔም ፊደሉ ሲሰለቻቸው ሥዕል ጨመርኩላቸው። ወዲያው ጥያቄ ተነሳ። በበዓል ቀን መሳል ሥራ ነው ወይስ አይደለም? ነገሩ ለመሪጌታ ክንፉ ቀረበ። መሪጌታ ዜማ ያስተምራሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ሲደበዝዝ የሚያድሱት እሳቸው ናቸው። እኔ የሳልኩትን በግ አገላብጠው አዩና፣ «የሷ ከሆነስ ሥራ አይባልም» ብለው ፈቀዱ።

እትዬ ደብሬ ፊደል ሊቆጥሩ የመጡት በልጃቸው ምክንያት ነው። ልጁ ሲሳይ ከገበያ ተይዞ ለውትድርና ተወስዷል። ደብዳቤ ቢልክ ማንንም ሳላስቸግር ራሴ ላንብበው ብለው ነው። ደብዳቤው ግን ቀረ። ሴትዮዋ እንቅልፍ አጡ። ሰው ሲያናግራቸው ሌላ ቦታ ናቸው። ወጥ ላይ ሁለቴ ጨው እንደሚጨምሩ ጎረቤቶቻቸው እየሳቁም እያዘኑም ያወሩ ነበር።

ፊደሉ «ሀ» ላይ ቆመ። እርሳሱ ግን አልቆመም። ሲሳይን ሳሉት። ክብ ፊት፣ የዶሮ እንቁላል የሚያካክሉ ሁለት ዓይኖች፣ አንገት የሚባል የለም። በሚካኤል ሳሉት፣ በገብርኤል ሳሉት፣ በማርያም ሳሉት። ቀስ በቀስ መተኛት ጀመሩ። አንድ ቀንማ፣ «መምህርት፣ ዛሬ አንገት አወጣሁለት። እንግዲህ ውሃ ይዋጥ!» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። እኔማ ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ።

ይሄኔ ነው ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ የተማሪዎች ሥራ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ የተባለው። ጉድ ፈላ! የኔ ተማሪዎች የሚስሉት ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ያፈጣል። ያኔ በየቢሮው የተለጠፈው ወዛደርና ገበሬ ደግሞ ሁሉም ወደ ጎን ነው የሚያየው፤ እኛ የማናየው ነገር የሚታየው ይመስል። ለኔ ዘመናዊ ሥዕል ማለት ያ ነበር። ከእትዬ ደብሬ ሥዕሎች ጥሩውን መረጥኩ። እሳቸው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ላጲሴን አነሳሁና የሲሳይን ፊት ወደ ጎን አዞርኩት። አፍንጫ አወጣሁለት። አንዱን ዓይን አጠፋሁት። እውነቱን ልንገራችሁ? አምሮ ነበር።

ተቆጣጣሪው የሚመጣ ዕለት ጠዋት እትዬ ደብሬ ግድግዳው ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ።

«ልጄ ምን አደረገ?» አሉኝ።

ምንም አላደረገም፣ ወደ ጎን እያየ ነው፣ ሌላው ዓይኑ በወዲያ በኩል ነው አልኳቸው። ወረቀቱን ከግድግዳው ገለጥ አድርገው ጀርባውን አዩ። ባዶ ነው።

«የታል?»

መሪጌታ ክንፉ ክንዴን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝ። «አንቺ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ጨፍነሽ ነው እንዴ? እኛ ጻድቁን በሁለት ዓይን ነው የምንስለው። በአንድ ዓይን የሚሳሉት ሰይጣንና ጌታን የሰቀሉት ናቸው።»

በየቢሮው የተለጠፉት ትዝ አሉኝ። «ታዲያ እነዚያ...» ብዬ ስጀምር፣ «እሱን አልጠየቅሽኝም፣ እኔም አልመለስኩም» ብለው መቋሚያቸውን አነሱ።

ዓይኑን ልመልስለት እርሳስ ስፈልግ ተቆጣጣሪው ደረሰ። ከሁሉ ያችን ሥዕል ወደደ። ጠቅልሎም ወሰዳት። አልሰጥም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ስሜን ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ ደስ ብሎኛል።

ሚካኤል መጣ፣ ገብርኤል መጣ፣ እትዬ ደብሬ የሉም። ጨው እንደገና ሁለቴ ሆነ አሉኝ። መሪጌታን ሽማግሌ አድርጌ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ደብሬ ይቆጡኛል ስል አልተቆጡም፤ የባሰው እሱ ነው። ድንጋዩን ከጫንቃዬ አወረዱልኝና፣ «እኔ ምን ሆንኩ፣ ልጄ? የተበደለው እሱ ነው። ሲመጣ እሱን ትጠይቂዋለሽ» አሉኝ።

ሲሳይ አልመጣም። ሦስት ዓመት ጠብቄ ተዛወርኩ።

አሁን ከስልሳ አልፌያለሁ። ዛሬም ለልጅም ላዋቂም ሥዕል አስተምራለሁ። ምን ይጠቅማል ሲሉኝ፣ አእምሮን ያሳርፋል እላለሁ። ብዬ ሳልጨርስ እጠራጠራለሁ። እትዬ ደብሬን ያሳረፋቸው ሥዕል፣ እንቅልፍ የነሳቸውም ሥዕል። ወይስ የነሳኋቸው እኔ ነኝ? ታዲያ እኔን ለምን ያሳርፈኛል? ሲጨንቀኝ እርሳስ እይዛለሁ። አይቼው የማላውቀውን ልጅ እስላለሁ፤ ክብ ፊት፣ እንቁላል የሚያካክሉ ዓይኖች፣ ሁለት። ልቤ ጸጥ ይላል። አስተማሪያችን አልዋሹም ማለት ነው። የእትዬ ደብሬን መድኃኒት ወስጄ እኔ ዳንኩበት።

ይቅር ሊለኝ የሚገባው ሲሳይ የት እንዳለ አላውቅም። እናንተ ግን እዚህ ናችሁ፤ በሁለት ዓይናችሁ፣ ፊት ለፊት እያያችሁኝ ነው። እባካችሁ ይቅር በሉኝ።