የወሬ ጾም

ቅቤውን፣ ሥጋውን፣ ወተቱን ስንተው ላደግን ሰዎች መተው የሚከብድ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አለ ለካ። ወሬ። ያውም የምርጫ ወሬ። ምርጫው የሚደገሰው አገር ቤት ነው፤ ቁርጠቱ ግን ካርቱም ድረስ ይመጣል። ሱዳኖቹ «ምርጫ አላችሁ? ማሻላህ!» ይሉናል፤ ቅናት ይሁን ሐዘኔታ እስካሁን አልገባኝም።

ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ እዚህ አርካዊት ሰፈር ከምንኖር ሴቶች አንዳችንም መራጭ አልነበርንም። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ማለቴ ነው፣ ያለፈባት ሴት፣ ፖሊስ ስታይ መንገድ የምትቀይረዋ፣ ቤተ መንግሥት ማን እንደሚገባ ቆርጣ ትነግራችኋለች። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላል የአገሬ ሰው። ያን ሰሞን የምንጨምርበት ጨው ብቻ ነበር።

ዘነቡና እታገኝ የማርያም ማኅበርተኞቼ ናቸው። እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ የሚባለው ሰፈር፣ ሰው ቤት ለመሥራት በአንድ ባስ የሚሄዱ፣ እኔ ስታመም ልጄን የሚያበሉልኝ። ዘነቡ «ያሉት ይቀጥሉ» ባይ ናት፤ እታገኝ «ይውረዱ» ባይ። አንድ የማኅበር ቀን ዳቦው እንኳ ሳይቆረስ ተያያዙ።

«አንቺን ደግሞ የአገር ነገር ማን ጠየቀሽ? ኦምዱርማን ገበያ ስትሄጂ መንገድ የሚጠፋሽ!» አለች ዘነቡ።

«እኔስ መንገድ ነው የጠፋኝ። አንቺ የጠፋሽ ኅሊና ነው፤ እሱ ደግሞ ገበያ አይገኝም!» አለች እታገኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። ባሱ ላይ እንኳ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ሆነች። መሐል የቀረሁት እኔና የደም ግፊቴ ነን።

ግፊት የቤታችን ነው። አባታችንን የወሰደው እሱ ነው፤ አገር ቤት ያለው ታላቅ ወንድሜ ጌታሁንም አለበት። ሐኪሙ ክንዴን አስሮ ለካኝና «ያ ሐጃ፣ ጨው ተዪ፣ ዜና ተዪ» አለኝ። መካ የደረስሁ ሐጃ እንዳልሆንሁ ላስረዳው አልሞከርሁም፤ የታመመ ሰው በሰጡት ስም ይታከማል።

ስልኬን ከመዝጋቴ በፊት ለጌታሁን ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ኪኒንህን እየዋጥህ ነው?»

«አለቀብኝ። ምርጫው ይለፍና ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

«ግፊት ምርጫ ይጠብቃል እንዴ?»

ሳቀብኝ። «አንቺ ራስሽን ጠብቂ። እኔን ማርያም ትጠብቀኛለች።»

ስልኩን ሣጥን ውስጥ ከተትሁት። እዚሁ የተወለደችው ልጄ ሣራ «ማማ፣ ኻላስ፣ የፌስቡክ ጾም ገባ?» ብላ አሾፈችብኝ። ገባ፣ አልኋት። እንቅልፌ ተመለሰ፤ እህልም ጣመኝ። ስጸልይ ሁለት ነገር ብቻ እለምን ነበር፤ ጌታሁን ኪኒኑን እንዲገዛ፣ እነዚያን ሁለት ሴቶች ደግሞ ማርያም አንድ ደጃፍ ላይ አቁማ እንድታሳየኝ።

ምርጫው ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው ዘነቡና እታገኝ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። እታገኝ የዘነቡን እጅ ይዛለች።

«እልል! ማርያም ሰማችኝ!» አልሁ። «ታረቃችሁ! ግቡ እንጂ! ሣራ፣ ተነሺ፣ ያላ፣ ዳቦ አምጪ!»

እነሱ አይስቁም። ዕርቅ አሳፍሯቸው ነው ብዬ በእነሱ ፈንታ ሳቅሁ።

«ተቀመጪ» አለችኝ እታገኝ።

በገዛ ቤቴ።

በማለዳ የመጣ እንግዳ የቤቱን እመቤት «ተቀመጪ» ሲላት ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ሰው የማያውቅ የለም። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። ወዳጅ ይዞት ይመጣል። ስልኬ ተከፍቶ ቢውል ኖሮም ያው በበር ነበር የሚገባው።

ጌታሁን የምርጫው ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ሰልፍ ቆሞ ዋለ። ድምፁን ሰጠ፤ ቤቱ ገባና ውኃ ስጡኝ አለ። ውኃው ሳይደርስለት ወደቀ። የጣቱ ቀለም ሳይለቅ ተቀበረ። ሚስቱ የደወለችው ለዘነቡ ነው፤ ዘነቡ ደግሞ ብቻዋን ደጄ መቆም ከበዳትና ሄዳ የእታገኝን በር አንኳኳች።

ሐዘን ተቀምጬ ሳለሁ ሁለቱ ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ሲነታረኩ ሰማኋቸው። ውጤቱ ወጥቶ ኖሯል። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቅሁም። ዝም በሉም አላልኋቸው፤ መከራከር የሚችለው በሕይወት ያለ ሰው ነው።

ወዲያው መጡ። ዘነቡ ኪኒኔን፣ እታገኝ ውኃዬን ይዛ። «ዋጪ፣ እኅቴ» አሉኝ፣ እኩል።

ስለ ሁለቱ የለመንሁት ይኸው ተፈጸመልኝ። በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አልለመንሁም ነበር።

ዋጥሁት።