ማን ወደ ማን ተገለበጠ?

«እህቴ፣ አይዞሽ!» ብሎ የሚጀምር ስልክ ደርሷችሁ ያውቃል? ለእኔ ጆሃንስበርግ ድረስ ደረሰኝ። ደዋዩ የሆሳዕና ቤተ ክርስቲያናችንን ሰርቨር የሚጠብቀው ወንድም ነው። ለደህና ሰው አይዞሽ ይባላል እንዴ?

«ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ሞተ» አለኝ። ከመሄዴ በፊት ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የጫንኩበት ሰርቨር ነው። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ ሁለቱም የሚይዙት ያንኑ የተቀዳ መዝሙር ነው፤ ዛሬ በሕይወት የሌሉ የፎንቆና የዱራሜ ሽማግሌዎች በሀዲይኛና በከምባትኛ የዘመሩትን። ሌላ ቦታ የለም።

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«አዲስ ዲስክ ከተን ግልበጣ ላይ ነን።»

«ከየትኛው ወደ የትኛው?»

«አይ እህቴ፣ ዋናው መገልበጡ አይደል!»

ጌታ ሆይ! መኪናም እኮ ይገለበጣል። ባዶው በሙሉው ላይ ከተገለበጠ ሁለት ባዶ መንታዎች ታቅፈን መቅረታችን ነው። አይዞሽ ባይ ግን ለዝርዝር ጊዜ የለውም፤ ቤትሽ መቃጠሉን ሲነግርሽ እንኳ ከበሩ መትረፍ ይጀምራል። «በእምነት ጀምረናል» ብሎ ዘጋው። እምነት ተራራ ያፈልሳል፣ አምናለሁ። ሙሉውን ከባዶው ለመለየት ግን ዓይን ገልጦ ማየት ምን ኃጢአት አለው? ከዚያ ወዲህ ስልኩን አያነሳም።

እባካችሁ፣ በዚያ የሰርቨር ክፍል የነበራችሁ ወገኖች፣ ጸሎታችሁን አትንፈጉኝ። ከአሜን በፊት ግን ደውሉልኝ፤ አንዱን መዝሙር ክፈቱና ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ አድርጉልኝ። ሽማግሌው ከመዘመራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ብሰማ እንኳ ይበቃኛል።