ጋሽ ታደሰ የተነሱበት ስብሰባ

ሲጋራን እንደተገዛ የማያጨስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ናዝሬት የነበሩት ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ሲጋራ ሁሉ «ጠብቋል፣ ጭሱ አይሳብም» እያሉ በጣታቸው አሽተው ያላሉት ነበር።

በደርግ ጊዜ አንድ እሑድ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ያንኑ ሲያደርጉ፣ «ጋሼ፣ በጣም ላላ፤ ፍሙ ይወድቅብዎታል» አልኳቸው።

«አንተ ስለ ሲጋራ ምን ታውቃለህ?» አሉና ለኮሱት።

ሊቀመንበሩ፣ «ለመኸር ዘመቻ በፈቃዱ የሚሄድ ጓድ ይነሳ!» አለ። ማን ይነሳል? ሁላችንም አቀረቀርን። ይሄኔ ፍሙ ጭናቸው ላይ ወደቀና ጋሽ ታደሰ እጃቸውን እያራገቡ ብድግ አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ኧረ ተቃጥዬ ነው!» አሉ።

«በአብዮቱ ፍቅር የተቃጠለ ጓድ!» ብሎ ሊቀመንበሩ ጭብጨባውን አስደገመ።

ጋሽ ታደሰ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «አሁን ብቀመጥ ምን ይሉኛል?» አሉኝ።

እኔም አጨበጨብኩ። በማግስቱ ዝዋይ በቆሎ ሲሸለቅቁ ዋሉ።