ሁሉም ስንጥቅ እኩል አያፈስም

ሞዴል ሠሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? ያላየውን የምድር ሆድ በኮምፒውተር ይሥላል፤ ምድር እንደ ሥዕሉ አልሆን ስትል ምድርን ይቆጣል። አንዱ እኔ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ጋዝ በጠጣር አለት ውስጥ፣ ሆን ተብለው በተሰነጠቁ ስንጥቆች አልፎ፣ አግድም ወደተቆፈረ ጉድጓድ እንዴት እንደሚፈስ ነበር። ስሌቴ ግን ከጉድጓዱ ከተለካው ጋር አልገጥም አለ።

ተስፋ ቆርጬ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጉና ተራራ ሥር ወደሚኖሩት አክስቴ ሄድሁ። የሰፈሩን ምንጭ ሲጠርጉ አገኘኋቸው። «ምነው ከሳህ ልጄ?» አሉኝ። ስንጥቆቹን ሁሉ እኩል ያፈሳሉ ብዬ ማስላቴን ሳላስቀር ጭንቀቴን ሁሉ ዘረገፍሁላቸው።

«ሁሉም ስንጥቅ እኩል ያፈሳል ያለህ ማን ነው?»

«ማንም። ለስሌት ስለሚመች ነው።»

«ላንተማ ይመችሃል!» አሉና የምንጩን አለት ስንጥቆች እያሳዩኝ፣ «እይ፣ ይኼ ተደፍኗል፤ ያ ጠቧል። ሰፈሩን የሚያጠጣው ይኼ አንዱ ብቻ ነው።»

ከተማ ተመልሼ በሞዴሉ ውስጥ ስንጥቆቹን አንዱን አጠበብሁ፣ ሌላውን ደፈንሁ። ገጠመ! አለቀስሁ ብል ታምኑኛላችሁ?

በምስጋናው ገጽ የአክስቴን ስም ከሁሉ አስቀደምሁ። አማካሪዬ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «እኚህ ምሁር የት ነው የሚያስተምሩት?» አሉኝ።

«ጉና ሥር፣ ምንጭ ዳር» ብዬ ታሪኩን ነገርኋቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኔም ስሌት አልገጥም ብሎኛል፤ ቅዳሜ ይዘኸኝ ሂድ» አሉኝ።