የምናሉ ችግር

የበደለኝ ሰው ምናሉ ይባላል። ስሙን አስቀድሜ መናገሬ እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው፤ በእኔ ዕድሜ ቂምም እንደ መርፌ ሆኗል፣ አንዴ ካስቀመጥሁት በኋላ ስፈልገው አላገኘውም።

ግን እናንተዬ፣ ችግር እንደሚያሸልም ታውቁ ኖሯል? እኔ አላውቅም ነበር። እኛ ያደግነው ችግርን እንደ ተቀደደ ቀሚስ ጫፍ ወደ ውስጥ እያጠፍን ነው። እንግዳ ድንገት ደርሶ ሌማቱ ባዶ ቢሆን፣ አሁን በልተን መነሣታችን ነው ይባላል እንጂ አደባባይ ተወጥቶ በማይክራፎን አይነገርም። ዘመኑ የልማት ነው ብለውናል፤ ከሁሉ ቀድሞ የለማው ችግር ሳይሆን አልቀረም።

ምናሉ የሟች እኅቴ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ከቀብሩ መልስ አዝዬ ቡሬ ዳር ወዳለው ቤቴ አመጣሁት፤ ይኸው ጢም እስኪያወጣ ከእኔው ጋር ነው። ያርሳል፣ ይወቃል፣ በእንቅልፍ ደግሞ የሚስተካከለው የለም። የገና ዕለት ግን ሌላ ሰው ነው። ያችን ሩር የምንላትን የእንጨት ኳስ በቆልማማ ዱላው ሲመታት የወዲያኛው ሰፈር ጎረምሳ ሁሉ ራሱን በእጁ ከልሎ ይሸሻል። አገር ያሞግሰዋል። እኔ አላሞገስሁትም። ልጅ ፊት ለፊት ከተመሰገነ ይባልጋል ብለው አሳደጉኝ፣ እኔም በዚያው አሳደግሁ።

አንድ ዓመት፣ ጤፍ ሲታጨድ ነው፣ ከስፖርት ነው የመጣሁ የሚል መነጽራም ልጅ ከቤቴ ደረሰ። በፈረንጅ አገር ይህንኑ ጨዋታ በበረዶ ላይ ይጫወቱታል፣ ደመወዝም ይበሉበታል አለ። እዚያ ታምሞ፣ ሐዘን ወድቆበት፣ ቤቱ ተበትኖ ዱላውን ያልጣለ ተጫዋች ተመርጦ ይሸለማል፤ እኛስ ለምን ይቅርብን አለ። በበረዶ ላይ መሮጡ ራሱ ምን ያነሰ ችግር ሆኖ ነው ሌላ የሚፈለግለት አልሁት። ሳቀና ምናሉን ወደ ጓሮ ወስዶ ሲያነጋግረው ቆየ። እኔ የጓሮ ወሬ አልሰማም፤ ብሰማማ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ።

ከዚያ ምናሉ ተመረጠ ተባለ። ሽልማቱ ፍኖተ ሰላም፣ የገና ዕለት፣ ከጨዋታው በኋላ ይሰጣል፤ የተሸለመውም ከቡድኑ ጋር ባሕር ዳር ሄዶ ይጫወታል። ደስ አለኝ ወይ? ደስ ብሎኝ እንደሆነ ማንም አላየም። ግን ክረምቱን ሙሉ ለራሴ ነው እያልሁ የፈተልሁትን ጋቢ ጠቅልዬ በሚኒባስ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድሁ። ስሙ ሲጠራ ብድግ ብዬ በሰው ፊት ላለብሰው። ላመሰግነው እኮ ነው! ያን ያህል ዓመት ያጠራቀምሁትን ምስጋና በአንድ ጋቢ ልጨርሰው።

ከፊት አስቀመጡኝ፣ የተሸላሚ ቤተሰብ ብለው። ጨዋታው አለቀ፣ ምናሉ በላብ ተጠምቆ ቆመ፣ መነጽራሙ ማይክራፎኑን ያዘ። ይህ ወጣት እናቱን በልጅነቱ አጥቶ በአስቸጋሪ አሳዳጊ እጅ የወደቀ ነው ብሎ ጀመረ። በየማለዳው ቀዝቃዛ ውኃ እየተደፋበት የሚነሣ፤ ቆሞ የሚበላ፤ ዱላው ሲማገድበት ሌላ የሚጠርብ፤ አንድ ቀን እንኳ አበጀህ ሳይባል ለዚህ የበቃ!

አያችሁልኝ? ችግሩ እኔ ነኝ።

እስቲ ፍረዱ። ውኃው ሁለት ጠብታ ነው፣ በጣቴ፣ ለዚያውም በሬዎቹ ለእርሻ ሳይወጡ ፀሐይ ስትወጣባቸው። ቆሞ የሚበላው ወደ ጨዋታው ለመሮጥ ነው፤ እኔ ቁም አልሁት? ዱላውን መማገዴ እውነት ነው። ግን ወይራ ነው፣ ደርቋል፣ ጊዜው የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ከእናንተ ማን ይጥለው ነበር? ስለ አበጀህ የምለው የለኝም።

ሕዝቡ ከንፈሩን ምጥጥ ምጥጥ አደረገ። ከጎኔ የተቀመጠች ያገሩ ሴት እንባዋን እየጠረገች፣ እማማ፣ ይህች አሳዳጊ ተብዬ ምን ዓይነት አረመኔ ትሆን ብላ ጠየቀችኝ። ማን ያውቃል ልጄ፣ እሷም ወገቧን ያማት ይሆናል አልኋት። አልራራችም። እንዲህ ያለችዋን ወገቧን ይቁረጠው ብላ ረገመችኝ፤ እኔም አሜን አልሁ፣ ምን ልበል?

ተነሥቼ ማይክራፎኑን እንዳልነጥቅ ደግሞ ዕለቱ የገና ነው፤ ቃሉም ከምናሉ አፍ የወጣ ነው። በአገራችን የገና ዕለት ዱላ የያዘ ተጫዋች ያሻውን ይናገራል፤ ገበሬው ጭቃ ሹሙን፣ ሎሌው ጌታውን ይሰድባል፣ የተሰደበውም ይስቃል። የተቆጣ ቢኖር ማግሥቱን ይጠብቅ። ስለዚህ ሳቅሁ። ጥርሴ እስኪደርቅ ሳቅሁ።

ሲበተን ምናሉ ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አዲሱን ስስ ቱታ ለብሶ መጣና ጉልበቴን ሳመ። ተቀየሙኝ ወይ እትየ አለኝ። መነጽራሙን መጀመሪያ ምንም ችግር የለብኝም ብዬው ነበር፤ ችግር ከሌለብህ ሽልማትም ባሕር ዳርም የለም ሲለኝ ጊዜ ብፈልግ ብፈልግ ከእርስዎ በቀር ሌላ አጣሁ አለኝ። እዩልኝ፣ ፈልጎ እኮ ነው! የእናቱ ሞት እንኳ ትዝ ያለው ከእኔ በኋላ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ እናት እንዳይናፍቅ ነበር የደከምሁት።

በዛሬ ቀን ማን ይቀየማል አልሁት። የነገውን ግን በሆዴ ይዤዋለሁ። እሱ የዛሬውን ብቻ ሰማና ፊቱ በራ። ይህ ጥቅልል ምንድን ነው እትየ አለኝ። ጋቢ ነው፣ የራሴ፣ ብርድ ቢመጣ ብዬ አልሁ። በፍኖተ ሰላም ፀሐይ፣ በቀትር! አየኝ፣ ጋቢውንም አየ። የቡድኑ መኪና ጡሩንባውን ነፋ፤ ሮጦ ተሳፈረ። ባሕር ዳር ዛሬውኑ መሆኑን ማን ነገረኝ? እኔ እኮ ነገ የሚባል ቀን አለን ብዬ ነው። ለነገ ያቆየሁት ደግሞ ስድብ ብቻ አልነበረም፤ ጋቢውም አብሮ ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጋቢውን እንደ ታጠፈ እሱ ከሚተኛበት መደብ ላይ አኖርሁት።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። አሁን መቆጣት ይፈቀድልኛል፤ ስድቡንም በመንገድ ሳበጥረው ነው የመጣሁት። እንደ ልማዴ ቅሏን ከእንስራው ሞልቼ፣ አዎ ሞልቼ፣ ወደ መደቡ ሄድሁ። አለመኖሩን አውቃለሁ፤ እግሬ ነው ያላወቀው። ምናሉ፣ አንተ ምናሉ፣ ተነሣ! ብዬ ቅሏን ከፍ አደረግሁ። እዚያ ላይ እንዳልደፋው ጋቢው ይረጥባል። የቀዳሁትን ወደ እንስራው እንዳልመልሰው እኔ የቀዳሁትን መልሼ አላውቅም።

ራሴ ላይ ደፋሁት። ለካ ልጁ አልዋሸም፤ ይቀዘቅዛል።